ራሙ ፈጠነ፣ ኮምፒውተሩ ግን ዘገየ

ጥያቄ፦ «ራይዘን 5 5600ኤክስ አለኝ። ራሙ ዲዲአር4 ነው፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት። ማሸጊያው ላይ 3200፣ 16-18-18-38 ይላል። ሁሉንም ኮሮች 4.7 ጊጋኸርዝ ላይ ቆልፌ፣ ራሙን 3200 ላይ ትቼ ያለ ችግር ስሠራ ነበር። ከዚያ ራሙን ወደ 3800 አወጣሁት፣ በ18-22-22-42። ተነሣ፤ ግን ፕሮሰሰሩ 4.7ን መሸከም አቃተው። ወደ 4.5 ሳወርደው ነው የረጋው። 4000 በሲኤል 19ም ሞከርኩ። ይሠራል፣ ግን ጌሙ ከበፊቱ ባሰበት። ጌም እጫወታለሁ፣ ቪዲዮም አቀናብራለሁ። የትኛውን ልምረጥ? ሌላ ሁለት ራም ብጨምርስ? ወንድማችሁ።»

መልስ፦ አጭሩን ላስቀድም። ከሦስቱ አንዱንም አትምረጥ። ራሙን 3600 ላይ አድርገው፣ ሲኤሉን (ከአራቱ ቁጥሮች የመጀመሪያውን) 16 ላይ ለመያዝ ሞክር። የፕሮሰሰሩን 4.7 ደግሞ ፍታውና ፍጥነቱን ራሱ እንዲመርጥ ተወው። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ግን ረዘም ያለ ነገር ነው። ሻይህን ይዘህ ተቀመጥ።

ከ4000ው ልጀምር። አንተን ያደናገረህ እሱ ስለሆነ። ራሙ ፈጠነ፣ ጌሙ ዘገየ። አስማት አይደለም።

5600ኤክስ ውስጥ ኮሮቹ ያሉት በአንድ ቁራጭ ሲሊከን ላይ ነው። የራም ኮንትሮለሩ ያለው በሌላ ቁራጭ ላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ኢንፊኒቲ ፋብሪክ የሚባለው መንገድ ነው። ይህ መንገድ የራሱ ምት አለው፤ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ኤፍክሎክ ብለህ ታገኘዋለህ። የራሙ ምት፣ የኮንትሮለሩ ምትና የፋብሪኩ ምት እኩል ሲሆኑ ዳታው ሳይቆም ያልፋል። አንድ ለአንድ የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ቁጥሩን ተመልከት። 3200 የተባለው ራም በእውነት የሚመታው 1600 ሜጋኸርዝ ነው። ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ ነው ቁጥሩ የሚታጠፈው። ስለዚህ 3600 ማለት 1800፣ 3800 ማለት 1900፣ 4000 ማለት 2000 ነው። አብዛኛው 5600ኤክስ ፋብሪኩን 1800 ላይ ያለ ጭንቀት ይይዛል። 1900 የሚይዙም ብዙ ናቸው። 2000ን ያለ ስህተት የሚይዝ ግን ዕድለኛ ቺፕ ነው። ፋብሪኩ ሳይችል ሲቀር ማዘርቦርዱ ዝም ብሎ አይወድቅም። ኮንትሮለሩን በራሙ ግማሽ ምት እንዲሠራ ያደርገዋል፣ ፋብሪኩንም ለብቻው ያስኬደዋል። ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ ስክሪኑ ላይ 4000 ይጽፍልሃል፣ አንተም ትደሰታለህ። ከውስጥ ግን እያንዳንዱ ዳታ ከአንዱ ምት ወደ ሌላው ሲሻገር ይጠብቃል። ይህ መጠበቅ ወደ 10 ናኖሰከንድ ገደማ ሊጨምር ይችላል። በራም ዓለም 10 ናኖሰከንድ ብዙ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለበት። ሲኤል 19 ብለሃል። ጊር ዳውን ሞድ የሚባለው ነገር ባዮስህ ውስጥ ክፍት ከሆነ (ከ2666 በላይ ብዙ ጊዜ በራሱ ይከፈታል) ጎዶሎ ሲኤል አይቀበልም። ወደ ላይ ያጠጋጋዋል። አንተ 19 ብለህ ጻፍክ፣ ራሙ 20 ብሎ ሠራ። ዜን ታይሚንግስ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ከፍተህ እውነተኛውን ቁጥር እይ። ባዮስ ውስጥ የጻፍከውን ሳይሆን ራሙ የሚሠራበትን ነው የምታሳይህ። ኮንትሮለሩ በግማሽ ምት እየሄደ እንደሆነም እዚያው ታየዋለህ።

እሺ፣ 4000 ከጨዋታ ወጣ። 3200 እና 3800 ቀሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ፣ ግን ከባድ አይደለም።

ሲኤል 16 ሲባል 16 ምት ማለት ነው እንጂ 16 ናኖሰከንድ አይደለም። ምቱ ሲፈጥን እያንዳንዱ ምት ያጥራል። ስለዚህ ሁለት ራሞችን በሲኤል ቁጥር ብቻ ማወዳደር ሁለት ሰዎች የሄዱትን መንገድ በእርምጃ ቁጥር ብቻ እንደመለካት ነው። የአንዱ እርምጃ ረጅም ነው፣ የሌላው አጭር። ወደ ጊዜ ለመቀየር ታይሚንጉን (በምት የተቆጠረውን ቁጥር) በ2000 አባዛ፣ በራሙ ፍጥነት አካፍል። የሚወጣው ናኖሰከንድ ነው።

3200 በሲኤል 16፦ 10 ናኖሰከንድ። 3800 በሲኤል 18፦ 9.5 ገደማ። 4000 በሲኤል 20፦ 10። 3600 በሲኤል 18ም 10 ነው። የሚገርመው፣ በዲዲአር1 ዘመን 400 በሲኤል 2 እንዲሁ 10 ነበር። ዲዲአር5 6000 በሲኤል 30 ብትለውም 10 ይወጣል። ፍጥነቱ 15 እጥፍ ሆኗል፣ ይህችኛዋ ቆይታ ግን ንቅንቅ አላለችም። የተሻሻለው በሰከንድ የሚተላለፈው የዳታ ብዛት ነው። የመጀመሪያዋን ባይት ለማግኘት የምትጠብቀው ጊዜ ያው ነው።

ግን ሲኤል ብቻውን ሙሉውን ታሪክ አይነግርህም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንተም የተሳሳትክ ይመስለኛል። ራም ውስጥ ዳታ በረድፍ በረድፍ ነው የተቀመጠው። የምትፈልገው ረድፍ አስቀድሞ ተከፍቶ ከጠበቀህ ሲኤልን ብቻ ትጠብቃለህ። ምንም የተከፈተ ረድፍ ከሌለ መጀመሪያ መክፈት አለብህ፤ ያ ሁለተኛው ቁጥር ነው፣ ቲአርሲዲ። ሌላ ረድፍ ተከፍቶ ካገኘኸው ደግሞ እሱን መዝጋት፣ ከዚያ የራስህን መክፈት፣ ከዚያ ማንበብ ነው። መዝጊያው ሦስተኛው ቁጥር ነው፣ ቲአርፒ። ጌም ዳታውን ከዚህም ከዚያም ስለሚለቃቅም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥምህ መጥፎው ሁኔታ ነው።

እስቲ መጥፎውን ሁኔታ እናስላ። 3200 ላይ 18 ሲደመር 18 ሲደመር 16፣ 52 ምት፦ 32.5 ናኖሰከንድ። 3800 ላይ 22 ሲደመር 22 ሲደመር 18፣ 62 ምት፦ 32.6 ናኖሰከንድ። አየህ? ሲኤሉ ላይ ግማሽ ናኖሰከንድ አተረፍክ፣ ረድፍ መዝጋትና መክፈት ላይ መልሰህ ከፈልከው። ከራሙ ራሱ በቆይታ ያገኘኸው ነገር የለም።

3800 ምንም አልጠቀመም ማለቴ ግን አይደለም። ፋብሪኩ ከ1600 ወደ 1900 ወጥቷል፤ የኮሮቹና የራሙ መንገድ አጠረ ማለት ነው። በሰከንድ የሚተላለፈው ዳታም በሁለት ቻናል ከ51.2 ወደ 60.8 ጊጋባይት ከፍ ብሏል፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ። ስለዚህ ያገኘኸው ትርፍ ከፋብሪኩና ከስፋቱ የመጣ ነው። ታይሚንጉ ምንም አላዋጣም።

አሁን 3600ን በ16-19-19 እናስላው። ሲኤሉ ብቻውን 8.9 ናኖሰከንድ። መጥፎው ሁኔታ 54 ምት፣ ልክ 30 ናኖሰከንድ። ፋብሪኩ 1800 ነው፤ ከ1900 ብዙም አይርቅም። ቮልቴጁም ያን ያህል አይጨነቅም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ 3600 ያልኩህ። የአንተ ራም 16-19-19ን መያዝ አለመያዙ በቺፑ ዓይነት ይወሰናል። ሲኤል ከቮልቴጅ ጋር ይታዘዛል፤ ከ1.35 ወደ 1.4 ቮልት ስታወጣው ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ቲአርሲዲ ግን በብዙ ቺፖች ላይ ግትር ነው፣ ቮልቴጅ ብትጨምርለትም አይሰማህም። 19 ካልሆነ 20፣ 20 ካልሆነ 21 ሞክር። በ16-20-20 እንኳን 31.1 ነው፤ ከያዝካቸው ከሁለቱም ይሻላል።

አራተኛው ቁጥር ቲአርኤኤስ ነው። ብዙ አትጨነቅበት፤ ከሲኤልና ከቲአርሲዲ ድምር ትንሽ ከፍ አድርገውና እለፈው።

ብዙ ሰው የማይነካው ግን ትልቅ ትርፍ ያለበት ሌላ ቁጥር አለ፤ ቲአርኤፍሲ ይባላል። ራም የያዘውን ዳታ በራሱ ይረሳል። እያንዳንዱ ቢት የተቀመጠው በጣም ትንሽ ካፓሲተር ውስጥ ነው፣ ቻርጁም ቀስ በቀስ ያፈስሳል። ስለዚህ በየ7.8 ማይክሮሰከንዱ ለማደስ ይቆማል። ቆሞ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው ቲአርኤፍሲ። በእነዚህ ባለ 8 ጊጋቢት ቺፖች መደበኛው 350 ናኖሰከንድ ነው። አስላው፤ ራምህ ከጊዜው 4.5 በመቶውን በሩን ዘግቶ ነው የሚያሳልፈው። ወደ 260 ብታወርደው 3.3 በመቶ ይሆናል። ጥሩ ቺፖች 160 አካባቢም ይወርዳሉ። 3600 ላይ 260 ናኖሰከንድ ማለት 468 ምት ነው፤ ባዮሱ ላይ የምትጽፈው ይህን ነው። አውቶ ላይ ከተውከው ማዘርቦርዱ ለጥንቃቄ ብሎ ከፍ ያለውን ይወስዳል። እኔ ጊዜ ካጠረኝ ከሲኤል በፊት ይህን ነው የምነካው።

ወደ ፕሮሰሰሩ እንምጣ። 4.7 ወይስ 4.5?

በ4.7 ጊጋኸርዝ አንድ ኮር በአንድ ናኖሰከንድ 4.7 ምት ይመታል። ዳታው ራም ድረስ ሄዶ እስኪመለስ በአጠቃላይ 70 ናኖሰከንድ ፈጀ እንበል፤ 3200 ላይ ላለ 5600ኤክስ እውነታው ከዚህ አይርቅም። ስለዚህ ኮሩ 329 ምት ይጠብቃል። በ4.5 ብታደርገው 315። ኮሩን ስታፈጥነው ራሙ አልፈጠነም፤ ኮሩ የሚያባክነው ምት ብቻ ነው የጨመረው። አንድ ነገር ከኤል 3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው ፈጣን ማስቀመጫ) ሲገኝ ግን 46 ምት አካባቢ ብቻ ነው የሚፈጀው። ስለዚህ ጥያቄው ሥራህ ስንት ጊዜ ከካሽ ወጥቶ ራም ድረስ ይሄዳል የሚለው ነው።

ለምሳሌ ያህል እኔ የፈጠርኩትን ቁጥር ውሰድ። አንድ የጌም ፍሬም 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ 6ቱ ስሌት፣ 4ቱ ራም መጠበቅ። ኮሩን ከ4.5 ወደ 4.7 ስታወጣ የሚያጥረው ስሌቱ ነው፤ 6 ወደ 5.75 ይወርዳል። ድምሩ 9.75። ኮሩን 4.5 ላይ ትተህ የራሙን ቆይታ ከ80 ወደ 70 ናኖሰከንድ ብታወርድ ደግሞ 4ቱ 3.5 ይሆናል። ድምሩ 9.5። ራሙ እጥፍ ጠቀመ። አሁን ቪዲዮ ኤንኮድ ማድረግን ውሰድ። 9.5ቱ ስሌት፣ ግማሽዋ ብቻ መጠበቅ ናት እንበል። ኮሩን ማፍጠን 10ን 9.6 ያደርጋል። ራሙን ማፍጠን 9.94። እዚህ ራሙ ላይ ሌሊቱን ማደር ትርፍ የለውም።

የአንተ ችግር ሁለቱንም መሥራትህ ነው። ደግነቱ ግን የ200 ሜጋኸርዝ ልዩነት 4.4 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ያልሞላ ጊዜ ቢጨምርብህ ነው። ጌም ላይ ግራፊክስ ካርዱ ራሱ ከደከመ ደግሞ ሁለቱም ለውጦች አይታዩህም። የጌሙን ጥራት ዝቅ አድርገህ የፍሬሙ ቁጥር ካልተነሣ የሚያንቀው ፕሮሰሰሩና ራሙ ነው። ከተነሣ ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ያኔ ይህን ሁሉ መጣጣር ተወው።

ፕሮሰሰሩ 3200 ላይ 4.7 ይዞ 3800 ላይ ለምን አቃተው? ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ምናልባትም ተደራርበው። አንደኛ፣ ፋብሪኩንና ኮንትሮለሩን 1900 ላይ ለመያዝ የሶክ ቮልቴጅ (ኮንትሮለሩ ያለበትን ቁራጭ የሚመግበው) ይጨመራል። ኮሮቹና ኮንትሮለሩ በአንድ ክዳን ሥር ነው የተቀመጡት፤ አንዱ ሲሞቅ ሌላው ይነካል። ሁለተኛ፣ በደንብ የሚመገብ ኮር ቆሞ አይጠብቅም። በሥራ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይጨምራል፣ የሚስበው ኃይልም ይጨምራል። እውነቱን ልንገርህ፤ የአንተ 4.7 ድሮም ጫፍ ላይ የነበረ ይመስለኛል። ራሙ እየዘገየ እረፍት ይሰጠው ስለነበር ነው ድክመቱ ያልታየው። ሦስተኛ፣ ጥፋቱ ጭራሽ የኮሩ ላይሆን ይችላል። ፋብሪኩ 1900 ላይ ሲንገዳገድም ኮምፒውተሩ ሪስታርት ያደርጋል፣ አንተ ግን ኮሩን ትወቅሳለህ።

የትኛው እንደሆነ መለየት ይቻላል። የዊንዶውስ ኢቨንት ቪውወርን ክፈት፣ ደብሊውኤችኢኤ ሎገር የሚሉትን መልእክቶች ፈልግ። ቁጥር 19 ሆኖ ስለ ባስና ኢንተርኮኔክት የሚያወራ ከሆነ ተጠርጣሪው ፋብሪኩ ነው። ቁጥር 18 ሆኖ ካሽ ሃይራርኪ የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ ኮሩ ቮልቴጅ አንሶታል ማለት ነው። ቁጥር 19 በተለይ አታላይ ነው። ስህተቱ ስለሚታረም ኮምፒውተሩ አይወድቅም። ይሠራል፣ ግን እያረመ ነው የሚሠራው፤ አልፎ አልፎም ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ጌሙ ለቅጽበት ቀጥ ይላል። 3800 ላይ ይህ መልእክት ከተከመረብህ መልሱን አገኘህ፤ 1900 ለቺፕህ በዝቷል።

አሁን አሠራሩ። ትልቁ ስህተት ሁለቱንም በአንድ ላይ መነካካት ነው። ሲወድቅ ማን እንደጣለው አታውቅም። ሁልጊዜ ከራሙ ጀምር፣ ፕሮሰሰሩ እንደ ተሠራበት ሆኖ። ለምን ከራሙ? ኮር ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ይጮኻል፤ ሰማያዊ ስክሪን፣ ሪስታርት። ራም ሲሳሳት ዝም ይላል። አንድ ቢት ትገለበጣለች፣ ፋይሉ በዚያው ይቀመጣል።

ይህን የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ራሜን ጫፍ ድረስ ወሰድኩት። ለ20 ደቂቃ ፈተንኩት፣ ጌም ተጫወትኩበት፣ ጎሽ ብዬ ተውኩት። ለወራት ምንም አላየሁም። አንድ ቀን የድሮ ፎቶዎቼን የጨመቅኩበትን ፋይል ስከፍት ግማሹ አልከፈትም አለ። ቅጂውንም ያዘጋጀሁት በዚያው ኮምፒውተር ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኔ ግን መልቀምም አልቻልኩ። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት የምትሳሳላቸውን ፋይሎች ሌላ ቦታ ቅዳ፣ ዲስኩንም ነቅለህ አስቀምጥ።

ፕሮሰሰሩን ወደ መደበኛው መልስ። ራሙን 3600፣ ኤፍክሎኩን 1800 ብለህ በእጅህ ጻፍ፤ አውቶ አትተው። ኮንትሮለሩም አንድ ለአንድ መሆኑን አረጋግጥ። የሶክ ቮልቴጁን 1.1 ላይ አድርግ፤ ለ1800 በአብዛኛው ይበቃል። የራሙን ቮልቴጅ 1.35፣ ታይሚንጉን ላላ አድርገህ 18-22-22 ላይ ጀምር። መጀመሪያ ፍጥነቱ መያዙን እወቅ። ከያዘ ሲኤሉን ወደ 16 አውርድ፣ ከዚያ ቲአርሲዲን አንድ አንድ እያልክ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። የለወጥከውን ወረቀት ላይ ጻፍ። እመነኝ፣ በአሥረኛው ሪስታርት ላይ የቱ ቁጥር የቱ እንደሆነ ይጠፋብሃል።

ለመፈተኛ ሜምቴስት86ን ከፍላሽ አስነሣ። ዊንዶውስ ሳይነሣ ስለሚፈትን ፋይሎችህን አይነካም። እሱን ካለፈ ዊንዶውስ ውስጥ ቴስትሜም5ን አስኪድ። እሱ ጨካኝ ነው፤ ሜምቴስት ያሳለፈውን ብዙ ጊዜ ይይዛል። አንዲት ስህተት እንኳን ብትመጣ አልረጋም ማለት ነው። «አንድ ብቻ ናት» የሚባል ነገር የለም። በመጨረሻ ሳጥኑን ዘግተህ፣ ግራፊክስ ካርዱን በጌም አሙቀህ ድገመው። ራም ሲሞቅ ቻርጁን ቶሎ ስለሚያፈስስ፣ በቀዝቃዛው ያለፈው ቲአርኤፍሲ ሲሞቅ ሊወድቅ ይችላል። ሌሊቱን ያለፈ ራም ጌም መሐል ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሣ ካለ አትደንግጥ። ማዘርቦርዱ ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ወደ መደበኛው ይመለሳል። ካልተመለሰ ኃይሉን ነቅለህ ሲሞሱን (የባዮሱ ምርጫዎች የተቀመጡበትን) አጽዳ።

ራሙ ረጋ? አሁን ፕሮሰሰሩ። ሁሉንም ኮሮች 4.7 ላይ መቆለፉን እንድትተው የምመክርህ ለዚህ ነው፤ 5600ኤክስ ሳይነካ ራሱ እስከ 4.6 ይወጣል። ሁሉም ኮሮች አንድ ላይ ሲጫኑ ዝቅ ይላል፣ ምክንያቱም የተፈቀደለት ኃይል 76 ዋት ብቻ ነው። አንተ የምትፈልገው ይህን ገደብ ማንሣት ነው፣ ያ ደግሞ ባዮስ ውስጥ ፒቢኦ የሚባለው ምርጫ ነው። ከርቭ ኦፕቲማይዘር የሚባለውን ደግሞ ጨምርበት። እሱ ለእያንዳንዱ ኮር በዚያው ፍጥነት ያነሰ ቮልቴጅ እንዲወስድ ያዘዋል። ኃይል በቮልቴጅ ካሬ ስለሚያድግ ትንሽ ቮልቴጅ መቀነስ ብዙ ሙቀት ይቀንሳል፤ የተረፈውን ፕሮሰሰሩ ወደ ፍጥነት ይለውጠዋል። ለሁሉም ኮር በነጌቲቭ 10 ጀምር። ከረጋ 15፣ 20። ሁሉም ኮር እኩል አይወርድም። ፕሮሰሰሩ ምርጥ ብሎ የሚያስቀድማቸው ኮሮች አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ብቻ ነው የሚፈቅዱት። የፍጥነት ጣሪያውንም እስከ 200 ሜጋኸርዝ ከፍ ማድረግ ትችላለህ። ያኔ ቀላል ሥራ ላይ 4.7ን ያለ መቆለፊያ ታልፈዋለህ፤ ከባድ ሥራ ላይ ደግሞ ራሱ ሙቀቱን አይቶ ይወርዳል።

ልብ በል፣ ከርቭ ሲበዛበት የሚወድቀው ከባድ ሥራ ላይ አይደለም። ምንም ሳትሠራ፣ ብራውዘር ከፍተህ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ተቀምጦ እያለ ነው ሪስታርት የሚያደርገው። አንድ ኮር ብቻውን ጣሪያው ላይ ሲዘል ነው ቮልቴጁ የሚያንሰው። ሁሉንም ኮሮች አንድ ላይ የሚጭነው ሲነቤንች አለፈ ብለህ አትታለል። ኮርሳይክለር እያንዳንዱን ኮር ተራ በተራ ይፈትናል፤ አስነሥተህ ተኛ።

በመጨረሻ ሁለቱንም አንድ ላይ ጫናቸው። ፕራይም95 የሚባለው መፈተኛ ትንንሾቹን ኤፍኤፍቲ (የስሌት ፈተናዎች) ሲያስኬድ ኮሩን ብቻ ነው የሚደቁሰው። ትልልቆቹን ስታስኬድ ራሙም ይገባል። በትንሹ አልፎ በትልቁ ከወደቀ ጥፋቱ ከራሙ ወይም ከኮንትሮለሩ ነው። በሁለቱም ከወደቀ ከርቩን አላላ። አንተ ላይ እንደደረሰው ለየብቻ አልፈው አብረው ከወደቁ ግን ከኮሩ ቀንስ። ከራሙ አይደለም። ጌም የሚጫወት ሰው 50 ወይም 100 ሜጋኸርዝ ቢያጣ አያውቀውም።

ይህ ሚዛን አዲስ ነገር አይደለም። በ1998 ሴለሮን 300ኤን የገዛ ሰው ባሱን (ፕሮሰሰሩንና ራሙን የሚያገናኘውን መንገድ) ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ሲያወጣው ፕሮሰሰሩ 450 ይሆን ነበር። ራሙም በግድ አብሮ ይወጣል፤ የአንዱ ፍጥነት የሌላው ነበርና። ያኔ ራሙ ካልቻለ ፕሮሰሰሩም ቀረ። ዛሬ ሁለቱ የተለያዩ ቁልፎች አሏቸው። ግን በኮንትሮለሩ በኩል አሁንም እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ኢንቴል ላይም ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ጊር 1 እና ጊር 2 የሚባል ነገር አለ፤ ያው ነው፣ ጊር 2 ኮንትሮለሩን በራሙ ግማሽ ምት ያስኬደዋል። 5800ኤክስ3ዲን የመሰለ 96 ሜጋባይት ኤል 3 ያለው ፕሮሰሰር የያዘ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ቢተወውም ብዙ አይጎዳም። ካሹ ትልቅ ስለሆነ ራም ድረስ የሚሄደው አልፎ አልፎ ነው።

ሁለት ራም ስለመጨመር የጠየቅከው። 16 ጊጋባይት ለቪዲዮ ሥራ ሊያንስህ ይችላል፤ ሞልቶ ወደ ዲስክ ከፈሰሰ ታይሚንግህ ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም። የአንተ ሁለቱ ነጠላ ራንክ (ራንክ ማለት አብረው የሚሠሩ የቺፖች ቡድን ነው) ከሆኑ አራት ማድረጉ በየቻናሉ ሁለት ራንክ ስለሚሰጥ ኮንትሮለሩ አንዱ ሲታደስ ሌላው ላይ ይሠራል። ይህ በአንድ ዓይነት ፍጥነትና ታይሚንግ ትንሽ ሊያፈጥንህ ይችላል። ግን ኮንትሮለሩ ላይ ሸክሙ ይበዛል፤ በሁለት 3800 የያዘ በአራት 3600 ላይ ሊለምንህ ይችላል። የምትገዛው ደግሞ ስሙና ቁጥሩ ከአሁኑ ጋር ቢመሳሰልም ውስጡ ያለው ቺፕ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቻልክ አራቱን በአንድ ማሸጊያ፣ ወይም ሁለት ባለ 16 ብትገዛ ይሻላል። ከጨመርክ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የጻፍካቸውን ታይሚንጎች እርሳቸው። ከ18-22-22 እንደገና ትጀምራለህ።